መኝታ ያለው መሳቢያ

መስከረም 14

ለእኅቴ ልጅ፣ ለብሎኗ፤

ሰላምታ ባሳጥር ትቀየሚኛለሽ፣ ባስረዝም ደግሞ ቁም ነገሩ ላይ ሳልደርስ ይመሽብኛል። በአጭሩ እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጋራዡም ደህና ነው። ግድግዳ የሚጋራኝ ጎሚስታ እንደ ድሮው ነው፤ ጎማ ከሚለጥፍበት ጊዜ በእኔ ጉዳይ የሚገባበት ይበዛል።

በደብዳቤሽ ሦስት ነገር ጠይቀሽኛል። የራሴን ጋራዥ ልከፍት ነውና ምን ዓይነት መሣሪያ ልግዛ ብለሻል። ዐይንዎን ሐኪም አየልዎት ወይ ብለሻል። እኔ ጋ መጥተው አብረን እንሥራ ብለሻል። ከቀላሉ ልጀምር።

ያ በሱቁ መስኮት ያየሽው፣ ከነቀይ ካቢኔቱ የሚሸጠው ሙሉ ስብስብ እንደሚያማልል አልክድም። እኔም በጉብዝናዬ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ቆሜ ምራቄን ውጫለሁ። ከውስጡ ግማሹን ዕድሜ ልክሽን አትነኪውም፤ የምትነኪው ግማሽ ደግሞ የመጀመሪያው የዛገ ብሎን ላይ አፉን ይከፍታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጥቂት ግዢ፣ አንድ በአንድ ግዢ፣ በእጅሽ ግዢ።

ሱቅ ስትሄጂ ኪስሽ ውስጥ አዲስ ብሎን ይኑር። ቁልፉን ብሎኑ ራስ ላይ አግቢና ወዝውዢው፤ ከተንገጫገጨ ዝም ብለሽ መልሺለት። ብሎን ራስ ላይ የምትደፊውን ቡሶላ ስትመርጪ ስድስት ማዕዘኑን ውሰጂ። አሥራ ሁለት ማዕዘኑ ለመግባት ይፈጥናል፣ የብሎኑን ጠርዝ ለመላጥም እንደዚያው ይፈጥናል። የቡሶላውን እጀታ ጆሮሽ ሥር አድርገሽ አዙሪው፤ ጥርሱ ደቃቅ፣ ድምፁም አንድ ወጥ ይሁን። ሞተር ውስጥ እጅሽን እንደ ልብሽ የምታዞሪበት ቦታ የለም፣ ትንሽ ንቅንቅ ስትይ መያዝ አለበት። ፒንሳውን ጨብጠሽ ወደ ብርሃን አንሺው፤ በመቁረጫው መካከል ብርሃን ካለፈ ሽቦ አይቆርጥም፣ ያኝካል እንጂ።

ካቢኔትን ባዶውን ከፍተሽ አትፍረጂ። ባዶ መሳቢያ የማይንሸራተት የለም። ሻጩን ሱቅ ያለውን መዶሻ ሁሉ ጫንበት በይውና ከዚያ በአንድ ጣት ሳቢው። ደግሞም መሣሪያ የሚቀመጠው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ተዘግቶና ተቆልፎ። ግድግዳ ላይ ልሰቅል አስቤያለሁ ያልሽውን እንዳልሰማሁ ልቁጠረው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

እኔ ጋ ይምጡ ስላልሽው፣ መጥቼ ምን ልሥራ? በር ላይ ወንበር ታወጪልኛለሽ፣ ፀሐይ ስትዞር ወንበሩን ታዞሪልኛለሽ። እኔ መካኒክ ነኝ የእኅቴ ልጅ። የምሠራው ሥራ ካለ እግሬ እስኪነቃ እመጣለሁ፤ ከሌለ ግን እዚሁ ሣጥኔ አጠገብ ይሻለኛል።

የዐይኔን ነገር እንዳልጽፍልሽ ወረቀቱ አልቋል።

አጎትሽ፣ ካምቢዮ


ጥቅምት 9

ለጋሼ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ለወጉ አይደለም የምጠይቀው፣ እርስዎም ለወጉ አይመልሱልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ጋራዡን ከፍቻለሁ። ከእኔ ጋር የምትሠራ አንዲት በያጅ አግኝቻለሁ፤ እጇ ፈጣን፣ አፏ ከእጇ የፈጠነ። ትስማማላችሁ ወይም ትደባደባላችሁ፣ መካከል የለውም።

መሣሪያዎቹን እንዳሉኝ ገዛሁ። ብሎኔን ከኪሴ አውጥቼ ቁልፍ ሁሉ ላይ እየሞከርኩ ስወዘውዝ ሻጩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተኮሳተረ፣ በመጨረሻ ለሚያውቅ ሰው ብቻ የሚያወጣውን ዕቃ ከጓዳ አመጣልኝ። መዶሻዎቹን መሳቢያው ላይ ጫንልኝ ስለው ግን ወንድሙን ጠርቶ "ና ተመልከት" አለው። ቀዩ ካቢኔት ገና ሳይሞላ አልሳብ ብሎ ቀረ። ግራጫውን፣ መልክ የሌለውን ወሰድኩ። ጭነቱን ሁሉ ይዞ በአንድ ጣት ይመጣል።

በላኩልኝ አጭር ወረቀት "ካቢኔት ካለሽ ግድግዳውን ለምን ታበላሺዋለሽ?" ብለዋል። ልንገርዎ። ካቢኔቱ ውስጥ ከባዱና አልፎ አልፎ የምንነካው ነው ያለው። በየቀኑ የምናነሳውን ግን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሰፊ ጣውላ ነጭ ቀባሁ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ አስደግፌ ዙሪያውን በጥቁር ቀለም አሰመርኩ። ቁልፉ ሲነሳ ቅርጹ ባዶውን ይቀራል። ሥራ ስናቆም ቀና ብዬ አንድ ጊዜ ካየሁ በቃኝ፤ የጎደለው ራሱ ይጠራኛል። ይኼን ያደረግኩት እንዲያምርልኝ ብዬ አይደለም። የተማሪ አውቶቡሶችን ሰርቢስ ይዣለሁ ጋሼ። ልጆች የተሳፈሩበት መኪና ሞተር ውስጥ የተረሳ ብረት እንዲሄድ አልፈልግም። ስለ ሌባ አይስጉ፣ በሩ የብረት ነው፣ በያጇ ራሷ ነች የሠራችው።

አሁን ወደ እርስዎ። ወረቀቱ አልቋል ያሉኝ ገጽ ግማሹ ባዶ ነው። መስመርዎም ከመሃል ጀምሮ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ በጻፉት ላይ ደግመው ጽፈዋል። ሐኪሙ ምን አለ?

ልጅዎ


ኅዳር 20

ለብሎኗ፤

ይኼን የሚጽፍልሽ ጎሚስታው ነው። እጄ ግራሶ ስለነካው ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። (ይኼን ጻፍ ብለውኝ ነው የጻፍኩት። ጎሚስታው።)

ስለ ግድግዳሽ ያልኩትን አልመልስም። አንቺ ለማየት ቀና ማለት አለብሽ፣ እኔ ቀና ማለትም አያስፈልገኝም። መሳቢያዬን ከፍቼ እጄን ስሰድ አሥር ቁጥሩ ቁልፍ የት እንዳለ፣ አሥራ ሰባቱ የት እንዳለ እጄ ያውቀዋል። ከሞተሩ ላይ ዐይኔን ሳልነቅል እወስዳለሁ፣ ዐይኔን ሳልነቅል እመልሳለሁ። ስዘጋ መዳፌን በላያቸው ላይ አሳልፋለሁ፤ መሳቢያው ሙሉ ከሆነ ሙሉ ነው። ካምቢዮ የሚል ስም የወጣልኝ በዐይኔ መሰለሽ? ማርሽ የሚገጠመው በጣት ነው። አንቺንም ያስተማርኩሽ ዐይንሽን በጨርቅ አስሬ ነው፣ ስታለቅሺ አስታውሳለሁ።

ሐኪሙ ምን አለ ላልሽው፣ ዕረፍት አለ። ሐኪም ሁሉ ዕረፍት ይላል፤ እሱ ራሱ ሲያርፍ ግን አላየሁም። በኋላ በላክሽው ወረቀት "አንድ ነገር ተፈጥሯል እንዴ?" ብለሽ የጠየቅሽውን ደግሞ ማን እንዳስጠየቀሽ አላውቅም። ምንም አልተፈጠረም። ሥራው ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል፣ ክረምት ያለፈበት ጋራዥ ሁሉ እንዲህ ነው።

ጎሚስታው ሰላም ብሎሻል። ሌላም ሊጨምር ፈልጎ ነበር፣ ከልክዬዋለሁ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 11

ለጋሼ፤

ሰላምታዬን በኋላ ያገኙታል።

ትናንት የከባድ መኪና ሹፌሩ፣ ያ ረጅሙ፣ የድሮ ደንበኛዎ፣ ፍሬን ሊያሠራ እኔ ጋ ገባ። የማላውቅ ስላልመሰለው በጨዋታ መካከል አወራኝ። የሠሩት ታክሲ ሞተር ላይ አንድ ባለ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ቀርቶ ነበር። ቁልቁለት ላይ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጊያው ውስጥ ገብቶ ቆራረጠው፣ ሞተሩም ነደደ። ተሳፋሪ ነበረበት። ሰው አልተጎዳም፤ ይኼን ሹፌሩ ሦስት ጊዜ አስምዬዋለሁ። ቁልፉን ያገኙት ሌላ ጋራዥ ነው፣ እጀታው ላይ በሞረድ የሚቆርጡት ምልክትዎ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ጋራዡን እንዳልከፈቱም ነገረኝ። እርስዎ ለእኔ ሥራው ቀዝቀዝ ብሏል አሉኝ።

መጀመሪያ አለቀስኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ዝም አይነቅዝም ብለው ነው ዝም ያሉኝ፣ አውቃለሁ፣ ግን እኔ ላይ ዝም የሚባልብኝ ሰው መሆኔ አንገበገበኝ። ሲበቃኝ ደግሞ ማሰብ ጀመርኩ። እጅዎን አውቀዋለሁና። አሥራ ሦስቱ ጎድሎ እጅዎ እንዴት አያውቅም?

ስለዚህ ሞከርኩት። ቁልፎቼን እንደ እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ደረደርኩ፣ ዐይኔን ጨፈንኩ፣ በያጇ አንዱን ሰረቀችኝ። መሳቢያውን ዘጋሁና መልሼ ከፈትኩት። መዳፌን አሳለፍኩ፤ ሙሉ ነው። ደግመን ሞከርነው፣ አሁንም ሙሉ ነው። መሳቢያው ሲዘጋና ሲከፈት የቀሩት ቁልፎች ተንሸራትተው ክፍተቱን ይሞሉታል ጋሼ። የዋሸዎት እጅዎ አይደለም፣ መሳቢያው ነው። ዐይን ሲኖር ማንም ልብ አይለውም፣ እጅ ብቻ ሲቀር ነው ውሸቱ የሚወጣው።

የእርስዎ ሣጥን ለእጅ ይመቻል፣ ግን ይዋሻል። የእኔ ግድግዳ አይዋሽም፣ ግን ለዐይን ብቻ ነው የሚናገረው። ሁለታችንም ግማሹን ነበር የያዝነው። አንድ ነገር እየሠራሁ ነው። እስከዚያ የሌባ ጣትዎን ውፍረት በክር አስለክተው ይላኩልኝ። ምክንያቱን አይጠይቁኝ።

እንደምን ሰነበቱ?

ልጅዎ


ጥር 3

ለእኅቴ ልጅ፤

ማን ሐኪሜ አደረገሽ? ማንስ ዳኛዬ አደረገሽ? ደብዳቤሽን ጎሚስታው ሲያነብልኝ ግማሽ ላይ አስቆምኩት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ልተወው ነበር። ማታውን ሳስበው ቆይቼ ጠዋት "የቀረውን አንብብ" አልኩት።

እሺ። እንደ ውሃ እያሳሳቀ ነው የወሰደኝ። መጀመሪያ የጋዜጣው ፊደል ሄደ፣ ጋዜጣ ድሮም ውሸት ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ የብሎን ራስ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሄደ፤ በጣቴ አውቀዋለሁ አልኩ። አሁን ፊት ለፊቴ የቆመው ሰው ዙሪያው እንጂ ፊቱ አይታየኝም። ሐኪሙ የቀረውም አይቆይም ብሎኛል። የታክሲው ሹፌር ቁልፌን ሊመልስልኝ ሲመጣ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ዕለት ነው በሩን የዘጋሁት።

የመሳቢያውን ነገር ያልሽውን እንዳልሰማሁ ልሆን አስቤ ነበር። ከዚያ ጎሚስታውን አንዱን ቁልፍ ስረቅ አልኩት። መሳቢያውን ዘግቼ ከፈትኩት፣ መዳፌን አሳለፍኩ። ሙሉ ነው አልኩት። ሳቀና ቁልፉን እጄ ላይ አኖረው። በዚህ ሁሉ ዘመኔ ይኼን አለማወቄ ገረመኝ። መናደዴን ግን አልተውኩም።

ክሩ በፖስታው ውስጥ አለ። እሺ ብዬሽ አይደለም፣ ጎሚስታው እጄን ይዞ ስለለካኝ ነው። ሥራዬ ካለቀ አልቋል፤ በማባበያ አትሸንግይኝ።

አጎትሽ


የካቲት 17

ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጎሚስታውስ? ምስጋናዬን ያድርሱልኝ፣ ጣት መለካት ያውቃል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የመጣው ከባድ ጥቅል መሳቢያ ነው። ከግራጫው ካቢኔት ያወጣሁት ነው፣ ስለዚህ ተመልሶ ይመጣል ብዬ ነው የላክሁት። ውስጡን ወፍራም ጣውላ አልብሼዋለሁ። ጣውላው ላይ ለእያንዳንዱ ቁልፍና ቡሶላ በራሱ ልክ መኝታ ቆፍሬለታለሁ፣ አሥሩ ከአሥሩ መኝታ ውጪ የትም አይተኛም። በየመኝታው ጎን ያለችው ጉድጓድ ለጣትዎ ናት፣ ቁልፉን ከሥሩ ለማንሳት። ከግራ ወደ ቀኝ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይሄዳል። ቢዘጋ፣ ቢከፈት፣ መሳቢያው ቢወድቅ እንኳ አንዱ ወደ ሌላው ቦታ አይንሸራተትም። አንዱ ከጎደለ መዳፍዎ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ጎሚስታውን ያሰርቁትና ይሞክሩት።

ስለ ማባበያው። ጋሼ፣ ላዝንልዎት ብፈልግ ጋቢ እልክልዎት ነበር እንጂ እንጨት ስቆፍር አልከርምም። አውቶቡሶቹ በዝተውብኛል። ሹፌሮቹ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ጥሩንባ ይነፋሉ፣ እኔ አዝንላቸዋለሁ፣ በያጇ ደግሞ ትቸኩላለች። ባለፈው ሳምንት ግድግዳዬን ቀና ብላ አይታ "ሙሉ ነው" ብላ አውቶቡስ ለቀቀች፣ ሳላጣራ እኔም ተቀበልኩ። ሙሉ ነበር፣ ግን አይታው እንዳላየች አውቃለሁ። ዐይን የለመደውን ነገር አያየውም። መዳፍ ግን ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አልገባሁም አይልም።

ስለዚህ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ካምቢዮ ሲመጣ የሚፈታና የሚገጥም ሰው፤ ያንን በጣት እንደሚሠራ እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። ደግሞ መኪና ከመውጣቱ በፊት መሳቢያዎቹን የሚዘጋ ሰው። ዘጊው "ይውጣ" ሳይል መኪና አይወጣም፤ እኔ ራሴ ይውጣ ብል እንኳ አይወጣም። ለማንም የማይለሳለስ ሰው ያስፈልገኛል። የማውቀው አንድ ብቻ ነው፣ ባህሪውም አስቸጋሪ ነው።

በር ላይ ወንበር የለኝም። ጋቢዎን ሳይሆን ቱታዎን ይዘው ይምጡ።

ልጅዎ


ሚያዝያ 26

ለብሎኗ፣ ያለሽበት ይድረስሽ፤

ይኼን የምትጽፍልሽ በያጇ ናት። ከጎሚስታው የተሻለ ትጽፋለች፣ ስትጽፍ ግን አፏ አይዘጋም። ሁለተኛውን የመሣሪያ ስብስብ ልትገዢ ከሄድሽ ወዲህ ጋራዡ ሰላም ነው። መኝታዬ ምቹ ነው። ቱታዬን ይዤ አንቺ ጋ ከመጣሁ ወዲህ የሁለት አውቶቡስ ካምቢዮ ፈትቼ ገጥሜያለሁ፣ አንዱ ላይ ያላየሽውን የተበላ ጥርስ በጥፍሬ አግኝቼ አስቀይሬዋለሁ። አትፈሪ፣ ስምሽን አላጠፋሁም።

የአውቶቡሶቹ ኃላፊ ስልክ ደውሎ "አጎትሽ ተማሪዎቼን ፀሐይ ላይ አቁሞብኛል" ብሎሻል፣ አንቺም ምን እንደተፈጠረ በፍጥነት ጻፉልኝ ብለሻል። የነገረሽ እውነት ነው። አቁሜያለሁ።

ትልቁ አውቶቡስ የመሪው ሥራ አልቆ ሊወጣ ነበር፣ ሹፌሩም ሞተር አስነስቷል። መሳቢያዬን ስዘጋ መዳፌ የአሥራ አራት ቁጥሩ ቡሶላ መኝታ ላይ ሲደርስ ጠለቀ። አይወጣም አልኩ። ሹፌሩ "አንድ ቁራጭ ብረት ነው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው" አለ። በያጇ "ሄዶ ሲመለስ እንፈልገዋለን" አለች። (ብያለሁ፤ አልክድም። በያጇ።) ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልኳትና ዳስሼ ሄጄ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ተቀምጬ በሩ አይዘጋም፣ በሩ ሳይዘጋ ደግሞ አይሄድም።

ኃላፊው መጣ። ከድምፁ ወጣት እንደሆነ ገባኝ፣ ትህትናም አልነበረውም። "ሰውየው ማየት አይችሉም፣ ስለማያዩት ነገር እንዴት እርግጠኛ ይሆናሉ?" ብሎ በላዬ ላይ በያጇን ጠየቃት። እውነቱን ልንገርሽ የእኅቴ ልጅ፣ ፈርቼ ነበር። ምናልባት መሬት ላይ ወድቆ ቢሆንስ፣ ጥግ ላይ ተንከባሎ ቢሆንስ፣ ምናልባት በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የጋራዥሽን ስም በከንቱ ያጠፋሁ ብሆንስ አልኩ። መሳቢያውን አስመጣሁና መዳፌን ደግሜ አሳለፍኩ። ደግሞ ጠለቀ። ከዚያ በኋላ አልፈራሁም። "ይፈተሽ" አልኩ።

በያጇ አውቶቡሱ ሥር ገባች። ቡሶላውን ያገኘችው ከመሪው ዘንግ መጋጠሚያ ላይ ተሸጉጦ ነው። መሪው ወደ ግራ እስከ ጥግ ቢዞር ኖሮ ዘንጉን ይዞ ያስቀረው ነበር። አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው፣ ሞቆ ነበር። መኝታው ላይ አስተኛሁት፣ መሳቢያውን ዘጋሁ፣ ከደረጃው ተነሳሁና "አሁን ይውጣ" አልኩ።

ኃላፊው በያጇን "እኚህ ሰውዬ ማናቸው?" አላት፤ ቅድም ከጠየቃት ይልቅ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

"መካኒኩ ናቸው" አለችው።

ቃሉን እዚህ ስትጽፈው እጇን ያዝኩና ደግማ እንድታነብልኝ አደረግኩ።

አጎትሽ